ቁጥር ተብሎ የገባው ትእዛዝ፦ የክትትል ሶፍትዌሮችና ኮማንድ ኢንጄክሽን

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ካክታይ በተባለው የኔትወርክ ክትትል ሶፍትዌር ላይ አንድ የደህንነት ክፍተት ይፋ ሆነ። መለያው ሲቪኢ-2022-46169 ነው፤ ለክብደቱ የተሰጠው ነጥብ ከ10 9.8 ነበር። ያገኙት ሶናር የተባለው የኮድ ፍተሻ ኩባንያ ተመራማሪዎች ናቸው። ነገሩ ባጭሩ ሲነገር፣ አካውንትም ሆነ የይለፍ ቃል የሌለው ሰው ከየትም ቦታ ሆኖ የድር ጥያቄ በመላክ ብቻ ካክታይ በተጫነበት ሰርቨር ላይ ያሻውን ትእዛዝ ማስፈጸም ይችል ነበር።

ይህ ዓይነቱ ክፍተት ኮማንድ ኢንጄክሽን ይባላል። አዲስ ነገር አይደለም፤ መከላከያውም ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቢሆንም ናጊዮስ ላይ፣ ሊብሬኤንኤምኤስ ላይ፣ ፒአርቲጂ ላይ እየዞረ የክትትል ሶፍትዌሮችን ደጋግሞ ሲያጠቃ እናያለን። የፕሮግራመሮቹን ስንፍና መውቀስ ይቻላል፤ እኔ ግን ዋናው ምክንያት እሱ አይመስለኝም። የእነዚህ ሶፍትዌሮች ሥራ ራሱ ነው ወደዚህ አደጋ የሚገፋቸው።

እስቲ ሥራቸውን እንመልከት። አንድ መሥሪያ ቤት መቶ ራውተር፣ ስዊችና ሰርቨር አለው እንበል። የትኛው ተነሥቷል፣ የትኛው ወድቋል፣ የዲስኩ ቦታ ስንት ቀረው፣ መስመሩ ምን ያህል ተጨናንቋል የሚለውን ሰው እየዞረ ሊያይ አይችልም። የክትትል ሶፍትዌሩ በየተወሰነ ጊዜ፣ ካክታይ ሳይነካ እንደመጣ ከሆነ በየ5 ደቂቃው፣ ሁሉንም እየጠየቀ መልሱን ይመዘግባል፤ ግራፍም ይሥልበታል። አጠያየቁ ላይ ነው ጉዳዩ ያለው። ሶፍትዌሩ ሁሉንም ነገር ራሱ አይሠራም። መሣሪያው መኖሩን ለማወቅ ፒንግ የሚባለውን ፕሮግራም ይጠራል፤ ከራውተር ቁጥር ለማምጣት በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎችን ሁኔታ በሚጠየቅበት ቋንቋ) የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ይጠራል፤ የዳታቤዝን ጤንነት ለመለካት አስተዳዳሪው የጻፈውን ስክሪፕት ያስነሣል። ግራፉን እንኳ ካክታይ የሚሥለው አርአርዲቱል የተባለ ሌላ ፕሮግራም ጠርቶ ነው። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሥራው ከዳታቤዝና ከድር ፎርም የመጡ ቃላትን እየገጣጠመ ትእዛዝ መሥራትና ማስፈጸም ነው ማለት ይቻላል። ሌላ ሶፍትዌር ይህን የሚያደርገው አንዳንዴ ነው፤ ይሄኛው ግን እንጀራው ነው።

ትእዛዝ የሚገጣጠምበት መንገድ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛው ፕሮግራሙን በስሙ ጠርቶ፣ የሚያስፈልገውን ነገር ለየብቻው ቆርጦ መስጠት ነው። ሁለተኛው ሁሉንም አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ለሼል ማቀበል ነው። ሼል ማለት በሊኑክስ ተርሚናል ላይ ስንጽፍ የሚያነበን ያ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው መንገድ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይመርጠዋል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከእሱ ነው።

በድር ገጽ ላይ «የመሣሪያውን አድራሻ ያስገቡ» የሚል ሳጥንና «ፈትሽ» የሚል ቁልፍ አለ እንበል። ከኋላ ያለው ኮድ «ፒንግ» በሚለው ቃል ላይ ተጠቃሚው የጻፈውን ቀጥሎ ለሼሉ ይሰጣል። ተጠቃሚው 192.168.1.10 ብሎ ከጻፈ ሼሉ የሚያነበው «ፒንግ 192.168.1.10» ነው፤ ሰላም ነው። ተጠቃሚው «192.168.1.10; የተጠቃሚዎቹን ፋይል አሳይ» ብሎ ከጻፈስ? (ሼሉ አማርኛ አይገባውም፤ ለምሳሌ ያህል ነው።) በሼል ሰዋስው ; የሚለው ምልክት «ይህ ትእዛዝ አለቀ፣ ሌላ ጀመረ» ማለት ነው። ሼሉ ፒንጉን ይልክና ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። «ፒንግ» የሚለውን የጻፈው ፕሮግራመሩ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የጻፈው እንግዳ ሰው መሆኑን ሼሉ የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ የደረሰው አንድ መስመር ጽሑፍ ነውና። ; ብቻም አይደለም። |፣ &፣ `፣ $( )፣ አዲስ መስመር መጀመርም እንዲሁ ለሼሉ የተለየ ትርጉም አላቸው።

ወደ ካክታይ እንመለስ። ክፍተቱ የነበረበት ፋይል የርቀት ወኪል የሚባለው ነው። ትልቅ ድርጅት ቅርንጫፎች ሲኖሩት አንድ ሰርቨር ሁሉንም ከመጠየቅ በየቅርንጫፉ ፖለር የሚባል ጠያቂ ይቀመጣል። ዋናው ሰርቨርና ፖለሮቹ የሚነጋገሩት በዚህ ፋይል በኩል ነው። ማሽን ከማሽን ጋር ስለሚያወራበት የመግቢያ ገጽና የይለፍ ቃል አልተደረገለትም። በዚያ ፈንታ ጥያቄው ከየት አይፒ አድራሻ እንደመጣ ይታያል፣ አድራሻው ወደ ስም ይለወጣል፣ ስሙ ከተመዘገቡት ፖለሮች ጋር ከገጠመ ይገባል።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የተበላሸው የመጪውን አድራሻ ለማወቅ የተጠቀሙበት መንገድ ነው። ካክታይ አድራሻውን ከግንኙነቱ ከራሱ ብቻ አልወሰደም፤ ከጥያቄው ጋር የሚመጡትን ሄደሮችም ያነብ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር ይባላል። ሰርቨሩ ከፕሮክሲ (ጥያቄዎችን ተቀብሎ ከሚያስተላልፍ መካከለኛ ሰርቨር) ጀርባ ሲሆን የሁሉም ጥያቄ አድራሻ የፕሮክሲው ስለሚሆን፣ ፕሮክሲው «የእውነተኛው ጠያቂ አድራሻ ይህ ነው» ብሎ የሚጽፍበት ሄደር ነው። ግን ሄደር ማንም እንደፈለገ ሊጽፈው የሚችል ጽሑፍ ነው። ፕሮክሲ በሌለበት ይህን ማመን፣ «ማነህ?» ብሎ ጠይቆ «የቤቱ ጌታ ነኝ» ያለውን ሁሉ የሚያስገባ ዘበኛ መቅጠር ነው። አጥቂው በሄደሩ ላይ የካክታዩን ሰርቨር አድራሻ ይጽፋል። ካክታይ ሲጫን ዋናው ሰርቨር ራሱ በፖለሮች መዝገብ ውስጥ ስለሚገባ ስሙ ይገጥማል፤ በሩ ይከፈታል።

በዚህ ከገባ በኋላ አጥቂው የሚጠይቀው አንድ ሥራ ነው፦ «መረጃ ሰብስብ» የሚለውን። ጥያቄው ሦስት ነገሮችን ይዞ ይሄዳል፤ የመሣሪያውን ቁጥር፣ የሚሰበሰበውን መረጃ ቁጥር፣ የፖለሩን ቁጥር። ካክታይ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይዞ ዳታቤዝ ውስጥ ይፈልግና የሥራውን ዓይነት ያያል። ሥራው ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ ስክሪፕት የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ሼል ጠርቶ ስክሪፕቱን ያስነሣል፤ በትእዛዙ መጨረሻ ላይም የፖለሩን ቁጥር ይቀጥልበታል።

ያ ቁጥር ቁጥር ስለመሆኑ ያረጋገጠ አልነበረም። ኮዱ ውስጥ ከድር የመጣን ነገር የሚቀበሉ ሁለት ፈንክሽኖች አሉ፤ አንዱ እያጣራ ይቀበላል፣ ሌላው ሳያጣራ። ስማቸው የሚለያየው በአንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። የመሣሪያው ቁጥር በሚያጣራው ገባ። የፖለሩ ቁጥር፣ እዚያው ሥሩ ባለው መስመር ላይ፣ በማያጣራው ገባ። ኮድ የሚገመግም ሰው ዓይኑ ቢያልፈው አይፈረድበትም። እኔ የምወቅሰው የስሙን አሰያየም ነው፤ አደገኛው ፈንክሽን ሲጻፍ እጅ የሚያሳክክ ረጅምና አስቀያሚ ስም ሊኖረው ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፦ አጥቂው የትኛው የመሣሪያ ቁጥርና የመረጃ ቁጥር ከፒኤችፒ ስክሪፕት ጋር እንደተያያዘ በምን ያውቃል? አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ቁጥሮቹ ከ1 ጀምረው ተራ በተራ የሚሄዱ ስለሆኑ ኮምፒዩተሩ እየደመረ ይሞክራቸዋል። ካክታይ ይዟቸው ከሚመጣ ዝግጁ ቅጾች (ቴምፕሌቶች) አንዳንዶቹም፣ ለምሳሌ መሣሪያው ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚመዘግበው፣ ይህን ዓይነት ሥራ ስለሚጨምሩ በሥራ ላይ ባለ ካክታይ ውስጥ አንዱን ማግኘት ከባድ አልነበረም።

ሦስቱን ነገሮች ለየብቻ ብታዩአቸው አንዱም አያስደነግጥም። ሄደሩን ማንበብ ከፕሮክሲ ጀርባ ላሉ ደንበኞች ታስቦ ነው። የፖለሩ ቁጥር አለመጣራት፣ ከታመነ ማሽን ብቻ ይመጣል ተብሎ ከታሰበ፣ ቸልተኝነት እንጂ ጥፋት አይመስልም። ሼልን መጠቀምም የተለመደ ነው። ይፋ የሆኑ የኮማንድ ኢንጄክሽን ክፍተቶችን ያነበበ ሰው ይህን አቀማመጥ ደጋግሞ ያገኘዋል፦ አንዱ ፕሮግራመር «ማጣራቱ እዚያ ይሠራል» ይላል፣ እዚያ ያለው ደግሞ «እዚህ የደረሰው ተጣርቶ ነው» ይላል።

ማስተካከያው ሦስቱንም ነካ። ሄደሮቹ እንዲሁ መታመናቸው ቀረ፤ የፖለሩ ቁጥር ቁጥር ካልሆነ እንዳይገባ ተደረገ፤ ወደ ሼሉ ከመግባቱም በፊት፣ ሼሉ እንደ ተራ ጽሑፍ ብቻ እንዲያነበው፣ በጥቅስ ውስጥ እንዲታሰር ሆነ። ስሪት 1.2.23 ይህን ይዞ ወጣ። ሰው ግን ቶሎ አልጫነውም። ሴንሲስ የተባለው የኢንተርኔት ቃኚ ድርጅት በጃንዋሪ 2023 ለኢንተርኔት የተጋለጡ 6,427 ካክታዮችን ቆጠረ፤ ስሪታቸው በግልጽ ከሚታየው መካከል የተስተካከለውን የጫኑት 26 ብቻ ነበሩ። በዚያው ወር ጥቃቱ ተጀመረ። በወራት ውስጥ ሙቦትና ሼልቦት የተባሉት ቦትኔቶች (ከሩቅ የሚታዘዙ የተጠለፉ ኮምፒዩተሮች መረቦች) በዚህ በር እየገቡ ሰርቨሮችን የሰው ድረ ገጽ የሚያጨናንቁ ወታደሮች አደረጓቸው። የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲ ሲሳም በፌብሩዋሪ 2023 ክፍተቱን በሥራ ላይ የዋሉ ክፍተቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። ተራ ሰርቨር ሲያዝ የሚያዘው ያ ሰርቨር ነው። የክትትል ሰርቨር ሲያዝ ግን የኔትወርኩ ካርታ ተይዟል። የትኛው መሣሪያ የት እንዳለ፣ አድራሻው፣ ስሪቱ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። መሣሪያዎቹን ለመጠየቅ እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግሉት የኤስኤንኤምፒ ቃላት፣ የዳታቤዝ የይለፍ ቃሎች፣ አንዳንድ ቦታ ወደ ሌሎች ሰርቨሮች ከሩቅ የሚያስገቡት የኤስኤስኤች ቁልፎች ሳይቀሩ እዚያ ይቀመጣሉ። ፋየርዎሉም «ይሄ የእኛው ነው፣ ሁሉንም ይጠይቅ» ተብሎ ተነግሮታል። ቦትኔቶቹ ይህን ሁሉ አልፈለጉትም፤ ሰርቨሩን ለጉልበቱ ብቻ ነው የተጠቀሙበት። ታጋሽ አጥቂ ቢሆን የሚያስደስተው ሌላው ነበር።

አሁን ወደ መከላከያው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «መጥፎ ምልክቶቹን እንከልክል» ነው። ይህ ሐሳብ ምን ያህል እንደሚያስኬድ የናጊዮስ ታሪክ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ናጊዮስ በሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ፍተሻ የሚያስደርገው ኤንአርፒኢ በተባለ ወኪል ነው። ወኪሉ ከሩቅ የመጡ ተጨማሪ ቃላትን በትእዛዙ ላይ እንዲቀጥል የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ የምርጫው ስም ሲተረጎም «ኤንአርፒኢን አትውቀሱ» ነው። ጸሐፊዎቹ አደጋውን አውቀውታል፤ ምርጫውም ካልተከፈተ ዝግ ነው። ለሚከፍቱትም ጥንቃቄ ብለው |፣ `፣ &፣ ; እና የመሳሰሉትን «ክፉ» ምልክቶች የሚከለክል ዝርዝር አዘጋጁ። ዝርዝሩ $( ) የሚለውን ግን አልያዘም ነበር። ባሽ የተባለው ሼል በዚህ ውስጥ የተጻፈውን እንደ ትእዛዝ ያስፈጽመዋል፤ ሲቪኢ-2013-1362 ከዚህ ወጣ። ተስተካከለ። በዓመቱ ሌላ ሰው ደግሞ የአዲስ መስመር ምልክት በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ አየ፤ ሲቪኢ-2014-2913 ተባለ። ክፉውን እየቆጠርክ የምትከለክል ከሆነ አንድ የረሳኸው ይበቃል።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው በተንኮሉ ያስቃል። በኖድ ጄኤስ ለሚጽፉ ፕሮግራመሮች የኮምፒዩተርን ሁኔታ የምትነግር ሲስተምኢንፎርሜሽን የተባለች ላይብረሪ አለች። የመጣላትን ጽሑፍ ከአደገኛ ምልክቶች ታጸዳ ነበር። በ2021 ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2021-21315 ያሳየው፣ ጽሑፍ ተብሎ በሚጠበቅበት ቦታ ዝርዝር ማለትም አሬይ ቢላክ ማጽጃው ሳይነካው እንደሚያልፍ ነው። ማጽጃው የተሠራው ለጽሑፍ ነዋ! ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ተመልሶ ጽሑፍ ሆኖ ሼሉ ውስጥ ይገባል። ስሪት 5.3.1 ላይ ተስተካከለ፤ ምክሩም ግልጽ ነበር፦ የሚመጣው ነገር ጽሑፍ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጥ።

የሚያዋጣው ከላይ ያልኩት የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ሼልን ከመሐል ማውጣት። ፕሮግራሙ በስሙ ይጠራ፣ የተጠቃሚው ጽሑፍ ደግሞ ብቻውን እንደ አንድ ቁራጭ ይሰጠው። ያኔ ; የሚለው ምልክት ምንም ትርጉም የለውም፤ ፒንግ «192.168.1.10; ምናምን» የሚባል አድራሻ አላውቅም ብሎ ያቆማል። ፓይተን ይህን ከድሮ ጀምሮ ይችላል። ፒኤችፒም ከስሪት 7.4 ጀምሮ ትእዛዙን በአሬይ ቢሰጡት ሼል ሳያስነሣ ያስኬደዋል። ሼል ግድ የሚሆንበት ቦታ ካለ ቋንቋው ራሱ ያዘጋጀውን የጥቅስ ማሰሪያ ፈንክሽን መጠቀም ነው እንጂ በእጅ መሥራት አይመከርም።

ይህም ቢሆን ሁሉን አይዘጋም። ሼል ባይኖርም የተጠራው ፕሮግራም በ- የሚጀምረውን ነገር እንደ ምርጫ ያነበዋል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ ፋይል የሚጽፍ ወይም ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሣ ምርጫ አላቸው። ስለዚህ አድራሻ መሆን ያለበት አድራሻ መምሰሉ፣ ቁጥር መሆን ያለበት ቁጥር መሆኑ ሼል ቢኖርም ባይኖርም መረጋገጥ አለበት። ምን እንደሚፈቀድ መቁጠር፣ ምን እንደሚከለከል ከመቁጠር ይቀላል። አይፒ አድራሻ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ክፉ ምልክት ስንት እንደሆነ ግን ኤንአርፒኢም አላወቀም።

ሲሳ ከኤፍቢአይ ጋር ሆኖ በጁላይ 2024 ባወጣው ማሳሰቢያ ላይ ይህን ለአምራቾች ነግሯል፤ መነሻው በዚያው ዓመት በሲስኮ፣ በፓሎ አልቶና በኢቫንቲ የኔትወርክ ምርቶች ላይ የታዩት የዚሁ ዓይነት ክፍተቶች ነበሩ። ማሳሰቢያው ለአምራቾች ነው። ሰርቨር የሚያስተዳድረው ሰው ግን ኮዱን አይጽፍም፤ የተሰጠውን ይጭናል። እሱስ ምን ያድርግ?

ከሁሉ በፊት የክትትል ሰርቨሩ ኢንተርኔት ላይ ምን ይሠራል? ግራፉን የሚያዩት የአይቲ ሠራተኞች ናቸው። ከውጭ ማየት ካስፈለጋቸው ቪፒኤን አለ። ካክታዩ ከቪፒኤን ጀርባ የነበረ ሰው ያን ጃንዋሪ ከሌሊት እንቅልፉ አልተነሣም። ይህ አንድ እርምጃ ገና ያልተገኙትን ክፍተቶች ጭምር ከአላፊ አግዳሚው ይሸሽጋቸዋል፤ ስለዚህ ከአፕዴት ሁሉ ይቀድማል ባይ ነኝ። ከዚያ አፕዴቱ ይከተል።

«የእኛ ክፍተት መግቢያ ላለው ሰው ብቻ ነው» የሚለውን ማጽናኛም አትመኑት። በ2021 ናጊዮስ ኤክስአይ ስሪት 5.7.5 ላይ የተገኙት ሦስቱ የኮማንድ ኢንጄክሽን ክፍተቶች አካውንት የሚጠይቁ ነበሩ። ፒአርቲጂ ላይ በ2018 የታወቀው ሲቪኢ-2018-9276ም እንዲሁ የአስተዳዳሪ መግቢያ ይፈልጋል። ሲሳ ግን ሁሉንም ጥቃት ላይ የዋሉ ብሎ መዝግቧቸዋል። ፒአርቲጂ ሲጫን ይዞት የሚመጣው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አንድ ዓይነት ቃል መሆኑን፣ ብዙ ቦታም ሳይቀየር እንደሚቀር ላወቀ ሰው ይህ አይደንቀውም።

በሰርቨሩ ላይ ደግሞ ሶፍትዌሩ ሁሉን በሚያስችለው በሩት ሥልጣን አይሩጥ። የተለየ ፈቃድ የሚያስፈልጋት ስክሪፕት ካለች ለእሷ ብቻ ይሰጣት። የክትትል ሰርቨር ወደ ውስጥ መሣሪያዎች መጠየቅ አለበት፤ ወደ ውጭ ኢንተርኔት ግን ከአፕዴትና ከማንቂያ መልእክት በቀር የሚያወጣው ነገር የለም። ያን በፋየርዎል መዝጋት ብዙ ጥቃት ያከሽፋል፤ አጥቂዎች የመጀመሪያ ትእዛዛቸው አብዛኛውን ጊዜ «ከዚህ አድራሻ ፋይል አውርድ» የሚል ነውና። የድር ሰርቨሩ ፕሮሰስ ሥር ባልተለመደ ሁኔታ ሼል ወይም የማውረጃ ፕሮግራም ሲነሣ ማየትም ምልክት ነው፤ እርግጥ የክትትል ሶፍትዌር ቀኑን ሙሉ ፕሮግራም ስለሚያስነሣ መለየቱ በሌላ ሰርቨር ላይ ካለው ይልቅ ይከብዳል፤ የተለመደውን አስቀድሞ መዝግቦ የያዘ ሰው ነው የሚለየው።

ሰርቨሩ ክፍተቱ እያለበት ለኢንተርኔት ተጋልጦ ከቆየ አፕዴት ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ማስተካከያው በሩን ይዘጋል፤ ቀድሞ የገባውን አያስወጣም። የተጠበቁ ሎጎች (የጥያቄዎች መዝገቦች) ካሉ ክፍተቱ ይፋ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ይታዩ። ካክታይ ከሆነ ወደ ርቀት ወኪሉ ፋይል በቁጥር ተራ የመጡ ብዙ ጥያቄዎች ካሉ ሰው ሞክሯል ማለት ነው። ጥርጣሬ ካለ የገባውን ከመፈለግ ሰርቨሩን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል። ከዚያ የሚቀረው አሰልቺው ሥራ ነው፦ በዚያ ሰርቨር ላይ ተቀምጠው የነበሩትን የኤስኤንኤምፒ ቃላት፣ የዳታቤዝ የይለፍ ቃሎችና የኤስኤስኤች ቁልፎች በየመሣሪያው እየዞሩ አንድ በአንድ መቀየር።